ዲኮር ቤቱና የዋስትናው ወረቀት

አዲስ መኪና ገዝቶ በመጀመሪያው ወር ዲኮር ቤት ያልጎበኘ ሰው ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። የወንበር ልብስ ይሰፋል፣ መስታወቱ ይጠቁራል፣ አላርም ይገባል፣ የኋላ ካሜራ ይገጠማል። ልጆች ካሉ ከፊት ወንበሮች ጀርባ ስክሪን ይንጠለጠላል። ኪስ ከፈቀደ ቸርኬው ይቀየራል። መኪናው ዝቅ ያለ ከሆነም ሞላው ላይ ስፔሰር ገብቶ ከፍ ይላል፤ የመንገዳችንን ጉድጓድና የየሰፈሩን የፍጥነት መቀነሻ ለሚያውቅ ሰው ይህኛው ቅንጦት አይባልም።

ጥያቄው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም በጣም ዘግይቶ። ይህን ሁሉ ሳስደርግ የመኪናው ዋስትና ምን ሆነ? የሸጠልዎትን ድርጅት ቢጠይቁ «አንድ ነገር ከነካችሁ ጋራንቲው የለም» ይልዎታል። ዲኮር ቤቱን ቢጠይቁ «ኧረ ምንም አይሆንም ጋሼ፣ ስንቱን ሠርተናል» ይባላሉ። የመጀመሪያው መልስ ድርጅቱን ከወጪ ያድናል፤ ሁለተኛው ዕቃውን ያሸጣል። ለአብዛኛው ቤተሰብ መኪና ከቤት ቀጥሎ ትልቁ ግዢ ነውና ሁለቱንም እንዳሉ መቀበል አያዋጣም።

ከመሠረቱ እንነሳ። ዋስትና አንድ ወገን የገባው ቃል ነው፦ በዚህን ያህል ዓመት ወይም በዚህን ያህል ኪሎ ሜትር ውስጥ በአመራረት ወይም በተሠራበት ዕቃ ጉድለት የተነሳ የሚበላሽ ነገር ካለ በነፃ አድሳለሁ ወይም እተካለሁ የሚል። ቁልፉ «በአመራረት ጉድለት» የሚለው ነው። ፋብሪካው ለራሱ ሥራ እንጂ ለዲኮር ቤቱ ሥራ ቃል አልገባም። ስለዚህ አላርም የገጠመልዎት ልጅ ሽቦ ቆርጦ ቀጥሎ፣ የተቀጠለው ቦታ ሞቆ የበሩ መቆለፊያ ኮምፒውተር ቢቃጠል፣ ያንን አምራቹ አይከፍልም። አይፈረድበትም።

ግን በዚያው መኪና ላይ በሦስተኛው ወር የአየር ማቀዝቀዣው ኮምፕሬሰር ቢሞት? አላርሙና ኮምፕሬሰሩ ምን አገናኛቸው? እዚህ ላይ ነው «አንድ ነገር ከነካችሁ» የሚለው አነጋገር የሚሰነጠቀው። የአብዛኞቹን አምራቾች የዋስትና መጽሐፍ ገልጠው ቢያነቡ የሚያገኙት ጠበብ ያለ ቃል ነው፤ ከአምራቹ ፈቃድ ውጭ በተደረገ ለውጥ «ምክንያት የደረሰ» ብልሽት አይሸፈንም ይላል። ለውጡ የነካውን ክፍል ያወጣል፤ ያልነካውን ይተዋል። መኪናውን በሙሉ ከዋስትና የሚያስወጡ ነገሮችም አሉ፤ ኮንታ ኪሎ ሜትሩን ወደ ኋላ ማስመለስ፣ በአደጋ ከጥቅም ውጭ የተባለን መኪና መልሶ መሥራት፣ ለውድድር መንዳት ከተለመዱት ናቸው። የወንበር ልብስ ግን ከእነዚህ ጋር አይቆጠርም።

ይህን ለዘመድ ሲያወሩ ዋሽንግተን ያለችው እህትዎ በስልክ «ምን ሲደረግ! ሕግ አለ እኮ» ትልዎታለች። እውነቷን ነው፤ ለእሷ መኪና። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ማግነሰን ሞስ የተባለ የዋስትና ሕግ አውጥታለች። በዚህ ሕግ መሠረት ለሸማች የጽሑፍ ዋስትና የሰጠ አምራች «የእኔን ምርት መለዋወጫ ካልተጠቀምክ፣ እኔ ጋ ሰርቪስ ካላደረግህ ዋስትናህ ይሰረዛል» ማለት አይችልም፤ ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን በነፃ ካልሰጠ በቀር። ሌላ ቦታ የተሠራው ሥራ ወይም የተገጠመው ዕቃ ጉዳቱን አድርሷል የሚል ከሆነም ያንን ማሳየት ያለበት እሱ ነው። የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2022 ሞተር ብስክሌት አምራቹን ሃርሊ ዴቪድሰን ከዚህ ጋር የሚጋጭ የዋስትና ቃል ጽፈሃል ብሎ እንዲያስተካክል አድርጎታል። በኢንተርኔት በእንግሊዝኛ የምናነበው ምክር አብዛኛው የሚነሳው ከዚህ ሕግ ነው። ቦሌ የተገዛ መኪና ላይ ግን ማግነሰን ሞስን ጠቅሶ የሚሟገት ሰው አድማጭ አያገኝም።

ለእኛ ያለን ሌላ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበትና ከውሉ ጋር የሚስማማ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል። ገዢም በበኩሉ ዕቃውን መርምሮ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት፤ ይህቺ «ሳይዘገይ» የምትለዋ ብዙ ሰው ያስቀጣች ናት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ከሁሉም በላይ እኔ የምወደው ግን አንድ የቆየ መርህ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ግዴታ አለብህ የሚል ግዴታው መኖሩን ያስረዳል፤ ግዴታዬ ቀርቷል የሚል ደግሞ የቀረበትን ምክንያት ያስረዳል። እርስዎ የዋስትና ወረቀቱን ካሳዩ ሻጩ «በዚህ ምክንያት ቀርቷል» የሚለውን በባዶ አፍ ሊያልፈው አይገባም ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ወረቀቱ ካለና የማን እንደሆነ ከታወቀ ነው። በከተማችን ትልቁ ችግርም እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ካደረገ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው ጎርፏል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተመረቱ ናቸው፤ ለምሳሌ በየመንገዱ የምናየው የፎልክስዋገን አይዲ.6 ለቻይና ገዢ ብቻ ታስቦ የተሠራ መኪና ነው። የአምራች ዋስትና ደግሞ በአብዛኛው መኪናው በይፋ ከተሸጠበት አገር ጋር የታሰረ ነው። ቻይና ውስጥ የሚያገለግለው ቃል በመርከብ ጅቡቲ ሲደርስ አብሮ አይወርድም። ታዲያ አዲስ አበባ ላይ «8 ዓመት የባትሪ ዋስትና» ብሎ የሸጠልዎት ማነው? ይፋዊ የአምራቹ ወኪል ከሆነ አንድ ነገር ነው። ነጋዴው በራሱ ስም የሰጠው ከሆነ ግን ቃሉ የነጋዴው ነው፤ ሱቁ ከተዘጋ ቃሉም አብሮ ይዘጋል። በወረቀቱ ግርጌ ያለውን ማኅተም ይመልከቱ፤ የፋብሪካው ስም ነው ወይስ የአስመጪው?

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና ስለ «8 ዓመት» አንድ ነገር ልናገር። በማስታወቂያ ላይ ትልቁን ፊደል የምናወጣው ለዚያ ነው፤ እንዲታይ። ብዙ አምራቾች ለኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የሚሰጡት ዋስትና 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ይይዛል። በቀን 100 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 160,000 ለመሙላት አራት ዓመት ተኩል አይፈጅበትም። ብዙውን ጊዜም ባትሪው የመያዝ አቅሙ ከ70 በመቶ በታች ካልወረደ እንደ ብልሽት አይቆጠርም። እነዚህ ሁለቱ በትንሹ ፊደል የሚጻፉ ናቸው። ሦስተኛው ትንሽ ፊደል ስለ ለውጥ የሚያወራው ነው፤ ወደ እሱ እንመለስ።

በኤሌክትሪክ መኪና ላይ በጣም የሚያሳስበኝ የሽቦ ሥራ ነው። ብዙ ሰው መኪናው አንድ ትልቅ ባትሪ ብቻ ያለው ይመስለዋል። እንደ ነዳጅ መኪናው ሁሉ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪም አለው፤ በሩን፣ ስክሪኑን፣ መብራቱንና ኮምፒውተሮቹን የሚያነቃው እሱ ነው። አላርም፣ የመንገድ ካሜራ፣ የልጆች ስክሪን ሁሉም የሚጠቡት ከዚህችው ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ ሲጠቡ ያድሩና ጠዋት ትልቁ ባትሪ 90 በመቶ ሞልቶ መኪናው አልነሳም ይላል። ያኔ ወደ ሻጩ ሲሄዱ ቴክኒሻኑ መጀመሪያ የሚያየው የተቀጠለውን ሽቦ ነው፤ ቀጥሎ የሚለውን መገመት አይከብድም። ልዩነቱ በአገጣጠሙ ነው። ሽቦ ሳይቆረጥ፣ በራሱ ሶኬት የሚሰካና የራሱ ፊውዝ ያለው ዕቃ ሲያስፈልግ ይነቀላል፤ ጥፋት ቢኖርም ባይኖርም ለማጣራት ይቀላል። ተቆርጦ በፕላስተር የተጠቀለለው ግን ያልሠራውን ጥፋት ሁሉ ይሸከማል። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸውን ወፍራም ሽቦዎች ማንም ዲኮር ቤት እንዳይነካ፤ የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሮች ናቸው፤ ነገሩ ከዋስትናም አልፎ የሕይወት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ የሆኑት ደግሞ የኤርባግ ናቸው።

ኤርባግ ካነሳን ዘንድ፣ የወንበር ልብስ ሲያሰፉ የወንበሩን ጎን ይመልከቱ። «ኤርባግ» የሚል ትንሽ ምልክት ከተሰፋበት የጎን ኤርባጉ የሚወጣው በዚያ ስፌት ነው። ዙሪያውን የሚያፍን ወፍራም የቆዳ ልብስ ኤርባጉን ሊያዘገየው ወይም ሊያጣምመው ይችላል። ለዚህ የሚሆን፣ ጎኑ ክፍት የሆነ ልብስ አለ፤ ጠይቀው ያሰፉ።

ሌላው በእኛ ከተማ የተለመደ ነገር ቋንቋ ማስቀየር ነው። ለቻይና የተሠራው መኪና ስክሪኑ ቻይንኛ ይናገራል፤ ባለቤቱ ማስጠንቀቂያውን ማንበብ ሲያቅተው ወደ ሶፍትዌር ሠሪዎች ይሄዳል፤ እነሱም ውስጡ ገብተው እንግሊዝኛ ያደርጉታል፣ አፕሊኬሽንም ይጭናሉ። ለምን ይሄዳሉ ማለት አይቻልም፤ «ባትሪው ሞቋል» የሚለውን ማንበብ የማይችል ሾፌር ዋስትናው ምን ያደርግለታል? ግን አንድ ድንበር ይለዩ። የሬዲዮውንና የካርታውን ስክሪን መንካት አንድ ነው፤ ባትሪውን፣ ሞተሩንና ፍሬኑን የሚያዝዘውን ኮምፒውተር መንካት ሌላ ነው። «ጉልበት እንጨምርልዎ» ወይም «የፍጥነት ገደቡን እናንሳልዎ» የሚለው የሁለተኛው ወገን ነው። አምራቾች ይህን አጥብቀው ይከታተላሉ። ፎልክስዋገንና አውዲ የሞተሩ ፕሮግራም የተነካ መኪና ወደ ይፋዊ ጋራዥ ሲመጣ በመዝገባቸው ላይ «ቲዲ1» የሚል ምልክት ያደርጉበታል፤ ባለቤቱ ፕሮግራሙን ወደ ነበረበት ቢመልሰውም ምልክቱ አብሮ አይጠፋም።

ቻርጅ ማድረጊያውም ከለውጥ ይቆጠራል ብዬ እገምታለሁ፣ ብዙዎቻችን ባናስበውም። የቻይናው መኪና መሰኪያ ጂቢ/ቲ የሚባለው ነው፤ የአውሮፓው ሌላ ነው፤ በመካከል አዳፕተር ይገባል። ከአምራቹ ወይም ከሻጩ የመጣ አዳፕተርና ከየትም የተገዛ አዳፕተር ሲሞቁ እኩል አይሆኑም። መሰኪያው ቢቀልጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «በምን ነበር የሚሞሉት?» ነው። ሻጩ ከመኪናው ጋር የሰጠዎት ዕቃ ከሆነ መልሱ ለእርስዎ ይቀላል፤ ስለዚህ አዳፕተሩን ሲገዙ በመኪናው ደረሰኝ ላይ አብሮ እንዲጻፍ ያድርጉ።

ከፍ ማድረጉ ላይ ቆየት ልበል፤ ብዙ ደብዳቤ የሚመጣው በእሱ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ከወለሉ ሥር የተነጠፈ ስለሆነ ሆዱ የፍጥነት መቀነሻ ሲነካ ባለቤቱ ልቡ ትነካለች። ስፔሰር ማስገባት ይህን ያቀልላል። ነገር ግን መኪናው ከፍ ሲል ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ አንግሉ ይቀየራል፤ አላይመንቱ ይዛባል፤ ጎማ በአንድ ጎን ይበላል፤ ከፊት ያለው ካሜራና ራዳርም ከለመዱት ከፍታ ውጭ ማየት ይጀምራሉ። ስለዚህ በኋላ የዘንግ፣ የአሞርዛተር ወይም የኩሽኔታ ችግር ሲመጣ ሻጩ ስፔሰሩን ቢጠቅስ ባዶ ሰበብ አይሆንም። በአንጻሩ የባትሪው አንድ ሴል ቢሞት ወይም ስክሪኑ ቢጠፋ ስፔሰሩ ምን አገባው? ይህን ልዩነት አስረግጠው መናገር ያለብዎት እርስዎ ነዎት፤ ማንም አይናገርልዎትም። ስንት ሴንቲሜትር እንደሚነሳ መለካትም አይዘንጉ፤ ሁለት ሴንቲሜትርና ስድስት ሴንቲሜትር አንድ አይደሉም። ከሥር መከላከያ ብረት ማስገጠም የሚመርጥም አለ። ፋብሪካው ባዘጋጀው ቀዳዳ የሚታሰር ከሆነ ጥሩ፤ የባትሪውን ማቀፊያ በስተው ወይም በይደው ሊገጥሙልዎት ከሆነ ግን እዚያው ያስቁሟቸው።

ቸርኬና ጎማ ፈጥኖ ይነገራል። ፋብሪካው ከፈቀዳቸው መጠኖች አንዱን ከመረጡ የሚያከራክር ነገር እምብዛም የለም፤ የተፈቀዱት መጠኖች በመጽሐፉ ላይ፣ ከፋብሪካ የመጣው ደግሞ በሾፌሩ በር መቃን ላይ ተጽፏል። ከዚያ የሰፋ ወይም የገዘፈ ጎማ ኩሽኔታውን ይጫናል፤ ፍጥነት ማሳያውም ከእውነተኛው ያነሰ ያሳያል። መስታወት ማጥቆርና ቀለም መቀየር ከዋስትናው ይልቅ ከትራፊክና ከሊብሬ ጋር ያጋጫሉ። የኢንሹራንስዎም ነገር አለ፤ ሙሉ ዋስትና የገቡ ከሆነ የጨመሩትን ውድ ዕቃ አስቀድመው ካላሳወቁ፣ ሲሰረቅ ኩባንያው አላውቀውም ሊልዎት ይችላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከመግጠምዎ በፊት ለሻጩ ይጻፉ። በቃል አይጠይቁ፤ ዴስክ ላይ ያለችው ልጅ በሚቀጥለው ወር ሥራ ልትቀይር ትችላለች። ኢሜይል ወይም በቴሌግራም የተላከ መልእክትም ይሁን፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «የመኪናዬ የሻንሲ ቁጥር ይህ ነው። ይህን ዕቃ፣ በዚህ አገጣጠም ማስገጠም እፈልጋለሁ። ይህ በየትኛው ክፍል ዋስትና ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።» አንዳንዱ ይመልሳል፤ አንዳንዱም እኛው እንግጠምልዎ ይላል፤ ዋጋው ከዲኮር ቤቱ ከፍ ቢልም ሥራውንም ኃላፊነቱንም አንድ ቤት ስለሚይዘው አስቡበት። ካልመለሱም የጠየቁበት ቀን ተመዝግቦ ይቀራል።

ከዲኮር ቤቱ ደግሞ የዕቃው ስም፣ የተገጠመበት ቀንና የኪሎ ሜትሩ ቁጥር የተጻፈበት ደረሰኝ ይቀበሉ። ከመገጠሙ በፊትና በኋላ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ በተለይ የተነካውን ሽቦ። የወጣውን ዕቃ፣ ሞላም ይሁን ቸርኬ፣ ጥለው አይምጡ፤ ብዙዎች ለዲኮር ቤቱ ይተዉለታል፤ እሱ ይሸጠዋል። ሰርቪሱንም ወረቀቱ ባለው ጊዜ ያድርጉ። ዋስትና ከሚከለከልባቸው ምክንያቶች ለማስተባበል የሚከብደው ያለፈ ሰርቪስ ነው፤ ደረሰኝ ወይ አለ ወይ የለም።

ይህን ሁሉ አድርገው መኪናው ቢበላሽና «ነክታችሁታል፣ አንሠራም» ቢባሉ ድምፅዎን ከፍ ማድረግ አያስፈልግም። የትኛው የተጨመረ ዕቃ፣ የትኛውን ክፍል፣ እንዴት እንዳበላሸ በጽሑፍና በማኅተም እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። ከዚያ ወረቀት ጋር ገለልተኛ ጋራዥ ሄደው ማስመርመር ይችላሉ። ለንግድ ቢሮ አቤት ቢሉም ሆነ ፍርድ ቤት ቢሄዱ መጀመሪያ የሚጠየቁት ያንኑ ወረቀት ነው። በጽሑፍ መልስ አንሰጥም ካሉ ጥያቄዎን በደብዳቤ አስገብተው ቅጂው ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ፊርማ ያስፈርሙ። መኪናውንም እስከዚያ ድረስ ሌላ ቦታ አያስፈቱት።